ነፋሱ ይመላለሳል፤ ኦዞኑን ያሳሳው ግን ሌላ ነው

ሰሞኑን ከእጅ ወደ እጅ ሲቀባበል የሰነበተ አንድ ጽሑፍ አለ። ብዙ ወዳጆች ልከውልኛል፤ አንዳንዶቹም «ታዲያ እስከ ዛሬ ስንታለል ነበር ማለት ነው?» የሚል ጥያቄ አክለውበታል። ጽሑፉ ስለ ኦዞን፣ ማለትም ከፀሐይ ጎጂ ጨረር ስለሚከልለን የላይኛው አየር ጋዝ ነው። አቀራረቡ ማራኪ ነው፤ ጸሐፊው ብዙ ማንበባቸውም ያስታውቃል። መነሻቸው እውነት ነው። ከዚያ ተነሥተው የደረሱበት ድምዳሜ ግን የተሳሳተ ከመሆኑም በላይ ሰውን ወደ ጉዳት የሚመራ ስለመሰለኝ ዝም ብዬ ላልፈው አልቻልኩም።

በቅድሚያ የጸሐፊውን ሐሳብ ሳላጣምም ላስቀምጥ። ከምድር ወገብ በላይ ባለው ስትራቶስፌር (አብዛኛው ኦዞን በሚገኝበት የላይኛው የአየር ንብርብር) ውስጥ ነፋሱ በየሁለት ዓመት ከጥቂት ወሩ አቅጣጫውን እየቀያየረ ይመላለሳል። ከእርሱ ጋርም የኦዞን መጠን በዓለም ዙሪያ ከፍና ዝቅ ይላል። ስለዚህ፣ ይላሉ፣ የኦዞን መሳሳት የተፈጥሮ ዑደት እንጂ የፍሪጅ ጋዝ (ክሎሮፍሎሮካርቦን) ውጤት አይደለም። ይህን ለማጠናከር ሌሎች ነጥቦች ይደረድራሉ፦ ነፋሱ ከምሥራቅ ሲነፍስ በኢትዮጵያ ሰማይ ላይ ሳይቀር «የኦዞን ቀዳዳ» ይከፈታል፤ የፍሪጅ ጋዝ ከአየር የከበደ ስለሆነ ያን ያህል ከፍታ ሊደርስ አይችልም፤ የአንታርክቲካው ቀዳዳ በ2019 ጠብቦ በ2020 መስፋቱ እነዚህን ጋዞች ለማስቀረት የተፈረመው የሞንትሪያል ስምምነት ከንቱ መሆኑን ያሳያል፤ በ2016 ዑደቱ ሲዛባ ሳይንቲስቶች ስለ ስትራቶስፌር የሚያውቁት ጥቂት መሆኑ ተጋልጧል። በመጨረሻም አፍሪካውያን ላልፈጠሩት፣ እንዲያውም ለሌለ ችግር ዋጋ እየከፈሉ ነው ይላሉ። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስለ ነፋሱ የጻፉት በአመዛኙ ትክክል ነው፤ ታሪኩም ሊነገር የሚገባው ነው። በ1883 የክራካታው እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ ወደ ላይ የተበተነው ብናኝ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ እየተነዳ በሁለት ሳምንት ገደማ ምድርን ዞረ። በ1908 ደግሞ ጀርመናዊው አርተር በርሰን ወደ ምሥራቅ አፍሪካ መጥቶ በቪክቶሪያ ሐይቅ አካባቢ ፊኛዎችን ሲለቅ፣ ከፍ ብሎ ያገኘው ነፋስ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚሄድ ነበር። ሁለቱ ምልከታዎች የሚቃረኑ መስለው ግማሽ ምዕተ ዓመት ቆዩ። በ1960ዎቹ መባቻ አሜሪካዊው ሪቻርድ ሪድና እንግሊዛዊው ሮበርት ኤብደን፣ ሳይመካከሩ፣ ሁለቱም ልክ መሆናቸውን ደረሱበት፤ ነፋሱ ይመላለሳል። አንድ ሙሉ ዙር በአማካይ 28 ወር ይፈጃል። ለውጡ በአንድ ቀን የሚሆን አይደለም፤ አዲሱ ነፋስ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይጀምርና በወር አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁል እየወረደ እስከ 17 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። የሚነዳውም በሐሩር ክልል ከሚነሣው ነጎድጓዳማ ደመና ወደ ላይ የሚጓዝ የአየር ሞገድ መሆኑን ሪቻርድ ሊንድዘንና ጄምስ ሆልተን በ1968 አስረድተዋል።

ይህ ነፋስ ኦዞንን እንደሚነካም አልክድም። ኦዞን በብዛት የሚፈጠረው የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር በሚበረታበት በሐሩር ክልል ሰማይ ላይ ነው። ነገር ግን እዚያ አይከማችም። በዚያ አካባቢ አየሩ ቀስ እያለ ወደ ላይ ስለሚወጣ፣ ከላይም ወደ ሁለቱ ዋልታዎች ስለሚፈስ፣ ኦዞኑን ይዞት ይሄዳል። በዚህ ምክንያት በምድር ወገብ ላይ የሚለካው ከ250 እስከ 270 ዶብሰን (ከራሳችን በላይ ያለው ኦዞን የሚለካበት አሃድ) ሲሆን፣ በሰሜናዊው ከፍተኛ ኬክሮስ በፀደይ ወራት ከ400 በላይ ይገኛል። ነፋሱ በዚህ ጉዞ ላይ ጣልቃ ይገባል። የምሥራቁ ነፋስ ቁልቁል ሲወርድ በምድር ወገብ ላይ አየሩ ከወትሮው ፈጥኖ ይወጣል፤ ኦዞን ያነሰው የታችኛው አየር ወደ ላይ ይገፋል፤ ልኬቱም ይቀንሳል። የምዕራቡ ነፋስ ሲወርድ ተቃራኒው ይሆናል። ልዩነቱ በምድር ወገብ ላይ ከአማካዩ 4 በመቶ ገደማ ከፍ ወይም ዝቅ ማለት ነው።

ጸሐፊው ያልነገሩን ግን የቀረው ግማሽ ነው። በምድር ወገብ ላይ ኦዞኑ ሲቀንስ፣ ከ12 እስከ 15 ዲግሪ ከሚደርሰው ኬክሮስ ወዲያ ባለው አካባቢ፣ በተለይም ክረምት በሆነበት ንፍቀ ክበብ፣ ይጨምራል። በምድር ወገብ ሲጨምር ደግሞ እዚያ ይቀንሳል። ወደ ላይ የተገፋው አየር የሆነ ቦታ መውረድ ስላለበት ነው። ስለዚህ የዚህ ዑደት ዋና ሥራ ኦዞንን ከአንዱ ኬክሮስ ወደ ሌላው ማዘዋወር ነው፤ ሲደመር አብዛኛው እርስ በርሱ ይካካሳል። እርግጥ ከ28 ኪሎ ሜትር ገደማ በላይ ጉዳዩ ይወሳሰባል። እዚያ ነፋሱ የሙቀት መጠኑንና የናይትሮጅን ኦክሳይዶችን ስርጭት ስለሚለውጥ የኦዞኑን ኬሚስትሪ ራሱን ይነካል። ይህን ጸሐፊው ቢያነሡት ኖሮ ክርክራቸው ይጠነክር ነበር። ያም ሆኖ እዚያም ቢሆን የሚመጣው ለውጥ ከነፋሱ ጋር ይመላለሳል እንጂ ዓመት እስከ ዓመት ወደ አንድ አቅጣጫ አይነጉድም።

የጽሑፉ ትልቁ ስሕተት እዚህ ላይ ነው። የሚመላለስ ነገር መኖሩ፣ ከሥሩ ያለማቋረጥ የሚቀንስ ሌላ ነገር አለመኖሩን አያረጋግጥም። የሐሮማያ ሐይቅ ውኃ በየክረምቱ ከፍ፣ በየበጋው ዝቅ ይል ነበር። ያ የተፈጥሮ ዑደት ነው፤ ማንም አይጠራጠረውም። ሐይቁ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ሲደርቅ ግን ለመስኖና ለከተማ ውኃ ከመጠን በላይ መቀዳቱን ትተን «ድሮም ይቀንስ ነበር» ብንል ማን ይቀበለናል?

እስቲ መዝገቦቹን ጎን ለጎን እናድርጋቸው። የምድር ወገቡ ነፋስ ያለማቋረጥ የተመዘገበው ከ1953 ጀምሮ ነው፤ መጀመሪያ በፓስፊክ ውስጥ ካለችው ካንተን ደሴት፣ ቀጥሎ በማልዲቭስ ከምትገኘው ጋን፣ ከዚያም ከሲንጋፖር በተለቀቁ ፊኛዎች። በአንታርክቲካ በሃሌይ የምርምር ጣቢያ ኦዞን መለካት የተጀመረው በ1950ዎቹ አጋማሽ ነው። በእነዚያ የመጀመሪያ ሃያ ዓመታት ነፋሱ ደጋግሞ ዞሯል፤ ከምሥራቅ ነፍሷል፣ ከምዕራብ ነፍሷል። በሃሌይ የጥቅምት ወር አማካይ ግን በዚያ ሁሉ ጊዜ 300 ዶብሰን አካባቢ ነበር። ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ማሽቆልቆል ያዘና በ1984 ከ200 በታች ወረደ። ጆ ፋርማን፣ ብራያን ጋርዲነርና ጆናታን ሻንክሊን ይህን በ1985 ሲያሳውቁ ዓለም ደነገጠ። ነፋሱ በፊትም የነበረው፣ በኋላም የነበረው ያው ነፋስ ነው። ታዲያ ምክንያቱ እርሱ ከሆነ፣ በ1960 እና በ1970 ቀዳዳው ለምን አልተከፈተም? ጸሐፊው ያቀረቡት ሰንጠረዥ የጥቂት ዓመታት ብቻ ነው። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከተመለከትነው በእርግጥ የሚታየው ምልልሱ ብቻ ነው።

ሁለተኛ መለያ አለ፤ ቦታው። ማሪዮ ሞሊናና ሸርውድ ሮውላንድ በ1974 የፍሪጅ ጋዞች በስትራቶስፌር ተሰባብረው ክሎሪን እንደሚለቁ፣ ክሎሪኑም ኦዞንን እንደሚያጠፋ ሲያስጠነቅቁ ገና ቀዳዳም አልነበረም። ከዋልታዎቹ ውጭ ጉዳቱ ጎልቶ ይታያል ተብሎ በስሌት የተተነበየው 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። በኋላ ሳተላይቶች ሲለኩት በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ በመካከለኛው ኬክሮስ ትልቁ መቶኛዊ ቅነሳ የተገኘው በዚያው ከፍታ አካባቢ ሲሆን፣ በአስር ዓመት 6 በመቶ ገደማ ነበር። በሁለቱም ንፍቀ ክበብ፣ በአንድ አቅጣጫ። የነፋሱ አሻራ ከዚህ ፈጽሞ ይለያል፤ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜንና ደቡብ ስንሄድ ምልክቱ ይገለበጣል (ቅነሳው ጭማሪ፣ ጭማሪው ቅነሳ ይሆናል)፣ ከፍታውም ሌላ ነው። ተመራማሪዎች የኦዞንን የረጅም ጊዜ ጉዞ ሲያሰሉ ይህን ነፋስ፣ የፀሐይን የ11 ዓመት ዑደት፣ ኤልኒኞንና እንደ 1991ዱ ፒናቱቦ ያሉ እሳተ ገሞራዎችን አስቀድመው ከስሌቱ የሚለዩትም ለዚህ ነው። ነፋሱን ደብቀውት አያውቁም፤ ሁልጊዜም በቀመራቸው ውስጥ አለ።

ወደ ኢትዮጵያ ሰማይ ልመለስ፤ ብዙ ሰው ያስደነገጠው ይህ ክፍል ነውና። ለቀዳዳነት መለኪያ ተብሎ የተያዘው 220 ዶብሰን ነው። በእኛ ሰማይ ላይ ያለው ኦዞን በተፈጥሮው ከሰሜን አገሮች የሳሳ ነው፤ ነፋሱ ከምሥራቅ ሲወርድ የሚቀንሰውም አስር ዶብሰን ገደማ ነው። ይህ ቀዳዳ አይባልም። አገራችን ከ3 እስከ 15 ዲግሪ ሰሜን የተዘረጋች መሆኗም ነገሩን የተለየ ያደርገዋል። ሞያሌ ላይ የነፋሱ ተጽዕኖ በግልጽ ይታያል። በጎንደርና በመቀሌ አካባቢ ግን ምልክቱ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚገለበጥበት ጠርዝ ላይ ስለምንደርስ በጣም ይደክማል። ካይሮ ስንደርስ ተቃራኒው ነው። «በኢትዮጵያ ሰማይ» ብሎ በአንድ ቃል መጠቅለል ራሱ አይሠራም። የአዲስ አበባ ሰማይም ያልተጠና አይደለም፤ ከ2009 ጀምሮ ከጀርመኑ የካርልስሩኸ የቴክኖሎጂ ተቋም ጋር በመተባበር በከተማዋ በተተከለ መሣሪያ የፀሐይን ብርሃን በመተንተን ኦዞን ሲለካ ቆይቷል፤ ውጤቱም ከሳተላይት ልኬቶች ጋር ተነጻጽሮ ታትሟል።

ቆዳን የሚያቃጥለው ጨረርስ? ኦዞን በ1 በመቶ ሲቀንስ ይህ ጨረር ከ1 በመቶ ትንሽ በለጥ ብሎ ይጨምራል። ስለዚህ የነፋሱ ድርሻ ቢበዛ 5 በመቶ ገደማ ነው። በአንጻሩ በየ1,000 ሜትር ከፍታው ጨረሩ 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። አዲስ አበባ 2,350 ሜትር ገደማ፣ ጋምቤላ 500 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። አንድ ሰው ከጋምቤላ ወደ አዲስ አበባ በመምጣቱ ብቻ ነፋሱ በዓመታት ከሚያመጣው ለውጥ ሦስት እጥፍ የሚበልጥ ጭማሪ ያገኘዋል። ጸሐፊው አንባቢዎቻቸው ባርኔጣና የፀሐይ መነጽር እንዲያደርጉ፣ በተለይም አልቢኒዝም ያለባቸው ወገኖቻችን እንዲጠነቀቁ መምከራቸው ግን በጣም ትክክል ነው። ምክንያቱ የተሳሳተ ቢሆንም ምክሩን ተቀበሉ። የደጋው ፀሐይ ነፋሱ ከየትም ቢነፍስ ኃይለኛ ነው።

የክብደቱን ነገር ባጭሩ ልለፈው። የፍሪጅ ጋዝ ሞለኪውል ከአየር መክበዱ እውነት ነው። አርጎንም ከናይትሮጅን ይከብዳል፤ ሆኖም በዳሎል ዝቅታም በራስ ዳሽን ጫፍም የአየሩ 0.93 በመቶ ገደማ ነው። እስከ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ድረስ አየሩ በንፋስና በመናወጥ ስለሚቀላቀል ጋዞች በክብደታቸው አይደረደሩም። ደግሞም መከራከር አያስፈልግም፤ በ1975 ወደ ስትራቶስፌር የተላኩ ፊኛዎች እነዚህን ጋዞች እዚያው አግኝተዋቸዋል። ጸሐፊው የኦዞን መጠን በነፋስ ወደ ላይና ወደ ታች ይጓጓዛል እያሉ፣ ያው ነፋስ የፍሪጅ ጋዝን ማንሣት አይችልም ማለታቸው እርስ በርሱ ይጋጫል።

አሁን ወደ አንታርክቲካ። የ2019ኙ ቀዳዳ ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ ከታዩት ትንሹ ነበር፤ የ2020ው ደግሞ ሰፊና እስከ ዓመቱ መጨረሻ የዘለቀ። ይህን ያመጣው በዋነኛነት የአየሩ ጠባይ መሆኑንም ጸሐፊው በትክክል ጽፈዋል። በ2019 በነሐሴ መጨረሻና በመስከረም የደቡብ ዋልታው ስትራቶስፌር በድንገት ሞቀ፤ በ2020 ደግሞ የዋልታው አዙሪት (ዋልታውን የሚከብበው የነፋስ ቀለበት) ቀዝቃዛና ጠንካራ ሆኖ ሰነበተ። እዚህ ላይ አንድ ነገር እጨምራለሁ፤ ቀዳዳው በጠበበ ዓመት «ኦዞን ዳነ» ብለው የሚጮኹ የዜና ርዕሶችም እንደ ጸሐፊው ጽሑፍ ያሳስታሉ። የአንድ ዓመት ስፋት ለማንም ወገን ማስረጃ አይሆንም።

ግን ቅዝቃዜው ብቻውን ምን ያደርጋል? ሙቀቱ ከዜሮ በታች 78 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ በስትራቶስፌር ውስጥ ደመና ይፈጠራል፤ ኦዞንን ሳይነካ ተኝቶ የነበረው ክሎሪን በደመናው ገጽ ላይ ይነቃል፤ ፀሐይ ስትወጣ ኦዞኑን ያጠፋል። ክሎሪን ከሌለ ቅዝቃዜው ቅዝቃዜ ብቻ ነው። በ1987 ከቺሊዋ ፑንታ አሬናስ ከተማ የተነሣ የምርምር አውሮፕላን ወደ አዙሪቱ ውስጥ ሲገባ መሣሪያዎቹ የመዘገቡትን ጸሐፊው እንዲመለከቱት እለምናለሁ። ክሎሪን ሞኖክሳይድ (ክሎሪን ኦዞንን ሲያጠፋ የሚፈጠረው ውህድ) ሽቅብ ሲወጣ ኦዞን በዚያው ቅጽበት ቁልቁል ይወርዳል፤ ሁለቱ መስመሮች አንዱ የሌላው ግልባጭ ናቸው። ነፋሱ በአውሮፕላኑ መንገድ ላይ እንዲህ ያለ ሥራ ሊሠራ አይችልም።

ስምምነቱ ሠርቷል ወይ ለሚለውም የአየር ጠባዩን የለየ መልስ አለ። ሱዛን ሰለሞንና ባልደረቦቿ በ2016 ባሳተሙት ጥናት የአየር ጠባይን፣ የእሳተ ገሞራንና የኬሚስትሪን ድርሻ ለያይተው አሰሉ። ከ2000 ወዲህ የመስከረም ወር ቀዳዳ በ4 ሚሊዮን ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ መጥበቡን፣ ከዚህም ከግማሽ በላይ የሚሆነው ከክሎሪን መቀነስ የመጣ መሆኑን አገኙ። የላይኛው ስትራቶስፌር ኦዞንም በአስር ዓመት ከ1 እስከ 2 በመቶ ገደማ እያገገመ ነው። እዚህ ላይ ለጸሐፊው የምለቅላቸው እውነተኛ ነጥብ አለ። በታችኛው ስትራቶስፌር፣ በሐሩርና በመካከለኛው ኬክሮስ፣ ማገገሙ እስከ አሁን በግልጽ አልታየም፤ ከአየሩ ዝውውር መለወጥ ጋር ይያያዝ እንደሆነ ተመራማሪዎች ይከራከራሉ። ጸሐፊው ጉልበታቸውን በዚህ ጥያቄ ላይ ቢያውሉት ደስ ብሎኝ አነባቸው ነበር።

የ2016ቱን መዛባት በተመለከተ፣ ሆነ። የምዕራቡ ነፋስ ሊነግሥ በሚገባው ጊዜ በመሐሉ፣ 22 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ የምሥራቅ ነፋስ ብቅ አለ። ከ1953 ወዲህ እንዲህ ያለ ነገር ታይቶ አይታወቅም፤ አስቀድሞ የተነበየውም አልነበረም። በ2019 እና በ2020 መካከልም ተደገመ። ብዙ የአየር ንብረት ሞዴሎች ይህን ዑደት በራሳቸው ማመንጨት እንደሚሳናቸውም እውነት ነው። ሆኖም ምክንያቱ በወራት ውስጥ ታወቀ፤ ከሰሜኑ ንፍቀ ክበብ ወደ ምድር ወገብ የዘለቁ ግዙፍ የአየር ሞገዶች ነበሩ። ከዚህ በላይ ግን፣ የኦዞንን መጥፋት በክሎሪን ያመካኘው ማስረጃ በነፋሱ ትንበያ ላይ የቆመ አይደለም። የቆመው በተለካ ክሎሪን፣ በተለካ ኦዞንና በቤተ ሙከራ በተረጋገጠ ኬሚስትሪ ላይ ነው። ተመራማሪዎችም በቀመራቸው የሚያስገቡት የተተነበየ ነፋስ ሳይሆን በፊኛ የተለካውን ነው፤ ሲዛባም እንደተዛባ ያስገቡታል።

የቀረው የአፍሪካ ሸክም ነው፤ ጸሐፊው ከልባቸው ተቆርቁረው የጻፉትም ይህን ነው። ቁጭታቸውን እጋራለሁ። ጋዙን በብዛት የለቀቁት የበለጸጉት አገሮች ናቸው። ያገለገሉ ፍሪጆችና የአየር ማቀዝቀዣዎች በየወደቦቻችን መራገፋቸውም የምናየው ነው። ነገር ግን በ1987 የተፈረመው ስምምነት ይህን ልዩነት አልዘነጋም። የበለጸጉት ክሎሮፍሎሮካርቦንን በ1996 እንዲያቆሙ ሲገደዱ ለታዳጊ አገሮች እስከ 2010 ጊዜ ተሰጥቷል፤ የለውጡን ወጪ የሚሸፍን ፈንድም ተቋቁሟል። አር-22 የሚባለውን የማቀዝቀዣ ጋዝ ለመተው ያለን ጊዜ 2030 ነው፤ ለእነርሱ 2020 ነበር።

ስምምነቱ ባይኖርስ ምን ይሆን ነበር? የናሳ ተመራማሪዎች በ2009 ይህንኑ አስልተው ነበር። ክሎሮፍሎሮካርቦን ያለ ገደብ ቢለቀቅ ኖሮ በ2065 የዓለም ኦዞን ሁለት ሦስተኛው ይጠፋ ነበር፤ በሐሩር ክልል ሰማይ ላይም እንደ አንታርክቲካው ያለ ድንገተኛ መደርመስ በዚህ ምዕተ ዓመት አጋማሽ ይደርስ ነበር። ሐሩር ክልል ማለት እኛ ነን፤ ቀድሞውንም በሳሳ ኦዞን ሥር፣ በከፍታ ላይ፣ ደጅ ስንሠራ የምንውል። ጸሐፊው ለአፍሪካ ከተቆረቆሩ፣ አሮጌ ፍሪጆች እንዳይገቡ የሚከለክል አሠራር ከፈለጉ፣ የሕግ መሠረቱ እዚያው ስምምነት ውስጥ አለ። በ1997 በተደረገው ማሻሻያ እያንዳንዱ አባል አገር ኦዞንን የሚጎዱ ጋዞች ሲገቡና ሲወጡ በፈቃድ እንዲሆን ሥርዓት መዘርጋት አለበት። ይህ ሥርዓት በአገራችን ወደቦችና ኬላዎች ምን ያህል ጠብቆ እንደሚሠራ ቢጠይቁ፣ ጥያቄያቸውን አብሬያቸው አነሣለሁ።